ለግራ እጅ የተሠራ ቢላዋ

ኤልፍዬ፣ ከቬጋስ ሙቀት መሃል ሰላም እልሻለሁ!

እህቴ ጽጌወይን ስትሮክ ቀኝ እጇን ካደከመባት ወዲህ የካዚኖውን የኩሽና ሥራ ትታ ቤት ነው የምትውለው። ዛሬ ቻይናታውን ውስጥ «ሚናሞሪ» የሚባል የጃፓን ቢላዋ የሚሸጥበት ሱቅ ገባን። ሻጯ የጽጌን እጅ አይታ ለግራኝ የተሠራ ቢላዋና አንድ ቲማቲም አቀረበችላት። እኛ አገር ግራኝ ልጅ «በቀኝህ!» እየተባለ ነው የሚያድገው፤ እዚህ ስለቱ ሳይቀር ለግራ እጅ ተብሎ ይሞረዳል። ጽጌ እየፈራች ጀመረች። ቲማቲሙ ሳይጨፈለቅ ስስ ስስ ሆኖ ተቆረጠ።

«ምሥጋና፣ እዪኝማ!» ብላ ጮኸች።

ቢላዋውን ገዛን። ቤት እንደገባን ለካዚኖው ሼፍ ደውላ የሥራ ሺፍት እንዲሰጣት ጠየቀች፤ «ሰኞ ነይ» አላት።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ዓብይን ሳሚልኝ። ለእማማ አዱኛም፣ ሲጸልዩላት የነበረችው ጽጌ ዛሬ እራታችንን ራሷ ከትፋ ሠራች ብለሽ ንገሪያቸው።

ምሥጋና