ለጁቪታ ለሦስተኛ ጊዜ ስለሚዘረጋው ምንጣፍ

ለተከበሩ የመንደራችን አለቃ ለአቶ ግራሲያኖ ሶዋሬስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ወገብዎም እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። ወገብዎን ያነሳሁት በፌዝ አይደለም፤ ለዕርቅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ መዋል በስድሳ ዓመት ቀላል እንዳልሆነ ምንጣፉን የምሠራው እኔ ስለማውቅ ነው። ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልን።

የፊታችን እሑድ የጎረቤቴን የጁቪታንና የባሏን የአፖሊናሪዮን ነገር ለሦስተኛ ጊዜ በዕርቅ እንደሚጨርሱት፣ እሷም ከተጠለለችበት ከእኔ ቤት ወጥታ ወደ ባሏ እንደምትመለስ መልእክት ልከውብኛል። ከዚያ በፊት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ መጀመሪያው ዕርቅ አመሰግናለሁ። ያኔ የተሰበረው ክንዷ ነበር። የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ የሚታኘከው ቅጠል ዞረ፣ እርስዎም «ሰሃንና ማንኪያ መቼ ሳይጋጭ ኖሮ ያውቃል፣ ልጄ?» ብለው አጽናኗት። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ዕቃ ሳጥብ ማንኪያው ተሰብሮ አንድም ቀን አላየሁም።

፪. ስለ ሁለተኛው ደግሞ የበለጠ አመሰግናለሁ። አፖሊናሪዮ ለካሳ ያመጣው አሳማ የሰባ እንደነበር ሽማግሌዎቹ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ መስክረዋል። ያልቀመሰችው ጁቪታ ብቻ ናት፤ መንጋጋዋ ስለተሰበረ የሩዝ ውሃ ነበር የማጠጣት። ካሳው ለማን እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ ለበላው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ምንጣፉ ሲጠቀለል እርስዎ «ነገሩም አብሮ ተጠቅልሏል፤ ከእንግዲህ የሚያነሳው የአያቶችን ቁጣ ይሸከማል» አሉ። አፖሊናሪዮ የአያቶችን ቁጣ የፈራው አሥራ አንድ ቀን ነው። ያን ምንጣፍ በመሥራቴ እጄን እጠላዋለሁ፣ አለቃዬ።

፫. ከዋና ከተማችን ከዲሊ የተላከችው አሠልጣኝ ሴትን ስለ መደብደብና ስለ መድፈር ልታስተምር ስትመጣ ወንዶቹን ወንበር ላይ ደርድረው፣ እኛን ሩዝ እንድንቀቅል ወደ ጓሮ ስለላኩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «በእኛ መንደር እንኳ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ሲሏት ጁቪታ ሳህን ይዛ ከኋላዎ ቆማ ነበር። የአዳራሹ ግድግዳ የዘንባባ ቅጠል መሆኑን ግን ረስተውት ነበር መሰለኝ። ወንዶቹ ግማሹ አንቀላፉ፤ እኛ አንድ ቃል አላመለጠንም። ሚስትን መደብደብ ወንጀል እንደሆነ፣ ዕርቅ ክሱን እንደማያስቀር፣ ባልም ቢሆን በግድ ከያዘ መድፈር እንደሆነ፣ መሸሸጊያ ቤት እንዳለም ሰማን።

ጁቪታ ጭልፋውን እንደያዘች «እህት ኤርሜሊንዳ፣ ይሄ ያደረገኝ ሁሉ ስም አለው ማለት ነው?» አለችኝ።

«አለው» አልኳት።

«እኔ እኮ ዕድሌ ነው ብዬ ተቀምጬ ነበር» አለች። የዚያን ቀን ሩዙ ስላረረ እንግዶችዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞው ምንጣፍ እንሠራለን እያልን የሰማነውን እርስ በርስ እንማማራለን። ስድስት ሆነን ጀመርን፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ነን። «የሐሜተኞች ማኅበር» ብለው ስም ስላወጡልን እናመሰግናለን፤ እኛ ስም ለማውጣት ጊዜ አልነበረንም።

፬. ለእሑዱ የሚሆን ምንጣፍ የለኝም። አለኝ፤ ለእርስዎ ግን የለኝም።

ለእርስዎና ለሽማግሌዎችዎ መቀመጫ ምቾት ዕድሜዋን የፈጀች፣ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳ ጎረቤትዎ፣
ኤርሜሊንዳ ሻቪየር፣ ምንጣፍ ሠሪ

ሳልነግርዎ እንዳልቀር፦ ጁቪታን ፍለጋ ሰው ወደ ቤቴ አይላኩ። ትናንት ጠዋት በጭነት መኪና ከተማ ወርደን ለፖሊስ ቃሏን ሰጥታለች፤ አሁን ያለችበትን ቤት ብጠየቅም አልናገርም። ቃሏን የተቀበለችው መኮንን «ይህን ሁሉ ሲያደርግሽ ያወቀ ሰው ነበር?» ስትላት፣ መንጋጋዋ ገና በደንብ ስለማይከፈት ቀስ ብላ የእርስዎን ስም ከነማዕረግዎ ተናገረች። መኮንኗ በደንብ ስላልሰማቻት እኔ ደግሜ አስጻፍኩላት።