ኮሪደራችን ላይ ስለተከላችሁልን ቀስት

ለጨዋታዎች መደብር
የተጫዋቾች እርካታ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና የተጫዋቾችን እርካታ ሌት ተቀን ለሚጠብቁ ባልደረቦችዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። በተለይ የአእምሮ ጤንነትን እመኛለሁ፤ ይህን የምለው ለስድብ አይደለም፣ እሱ የጎደለው ሰው ቤቴ ውስጥ ስላለ ዋጋውን ስለማውቅ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅዎ። ጡረታ የወጣሁ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት የአለቆችን ደብዳቤ ስተይብ ነው፤ ስለዚህ «በአክብሮት እናሳውቃለን» የሚል ሐረግ ሳይ ከኋላው ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ ከሩቁ ይሸተኛል። ክፍልዎ ለልጄ የላከላትን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አንድ የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም፤ ሰውም አላገኘሁበትም። በእኔ ዘመን ቢሆን እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ለጀማሪ ጸሐፊዎች ማስተማሪያ እናደርገው ነበር።

ልጄ የኮምፒውተር ጌም ሠሪ ናት። እርስዎ ከመደብርዎ ሊያስወጡት የነበረውን ጌም የሠራችው እሷ ናት፤ ሥራ ስለሚበዛብዎና ምናልባት እስካሁን ስላልተጫወቱት፣ ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳዎት። ጌሙ አጭር ነው፤ የተጣደ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። ተጫዋቹ ሁሉን ነገር የሚያየው በአንድ ሽማግሌ ዓይን ነው፤ ሽማግሌው ራሱ አይታይም፣ የሚታዩት እጆቹ ብቻ ናቸው። ሰውየው ከአልጋው ተነሥቶ አንድ ነገር ሊያመጣ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ግን ለምን እንደወጣ ይጠፋዋል። በእጁ የያዘው ዕቃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ መነጽር ይዞ የወጣው ሰው ማንኪያ ይዞ ይገባል። በሮቹም አንዱ የሌላውን ቦታ ይይዛሉ። ቢሮጡ፣ በር ቢደበድቡ፣ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ቢጫኑ መውጫ የለም። መውጫው ዝም ብሎ መቆም ነው። ተጫዋቹ እጁን ሰብስቦ ጥቂት ከቆመ፣ ከኩሽና በኩል አንዲት ሴት «ሾፌሩ፣ ወዲህ ነው» ብላ ትጣራለች። ድምፁን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሴትዮዋን ያገኛታል፣ ጌሙ እዚያ ላይ ያበቃል።

ድምፁ የእኔ ነው፤ ሾፌሩም ባለቤቴ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ ከትራፊክ ፖሊሶቹ በፊት የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ዛሬ ከአልጋው እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድ ይጠፋበታል። ከተጋባን ጀምሮ እኔ «ሾፌሩ» እለዋለሁ፣ እሱ «አለቃ» ይለኛል፤ ወይም ይለኝ ነበር። በሽታው ከጠናበት ወዲህ ስሜም አለቅነቴም አብረው ሄዱ። ስቀርበው እንደ ደህና ነርስ ያመሰግነኛል።

ልጄ ጌሙን ጨርሳ መጀመሪያ ያጫወተችው እሱን ነበር። እሱ ደግሞ በመቆም የሚያህለው የለም፤ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ድምፄ ሲጣራ ዓይኑን ከስክሪኑ አነሳና እውነተኛዋ እኔ ወደቆምኩበት ዞሮ «መጣሁ አለቃ» አለ። እኔና ልጄ ተያየን። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከኮምፒውተሩ ፊት እናስቀምጠው ነበር። ለእሱ በየቀኑ አዲስ ነው፤ በየቀኑ ይወጣል፣ በየቀኑ ይጠፋበታል፣ በየቀኑ ዞሮ አለቃ ይለኛል። የቀረውን ቀን ባይተዋር ሆኜ እውላለሁ፤ በዚያች ቅጽበት ግን ሚስቱ ነበርኩ። ክቡርነትዎ የነኩት ይህችን ቅጽበት ስለሆነ እንዲያውቋት ብዬ ነው።

ምስጋናዬን እንደ ደንቡ በቁጥር ላስቀምጥ።

1ኛ/ ስለ ተጫዋቾችዎ። ፍርዳቸውን አንድ በአንድ አንብቤዋለሁ። «ፈጣኑ ንስር» የተባሉት ደንበኛዎ «ምንም የሚሠራ ነገር የለም፤ ሽጉጥ እንኳ አይሰጡህም» ብለው በአንድ ኮከብ አሰናብተውናል። ባለቤቴም እንዳልተሰጠው ልገልጽላቸው እወዳለሁ። «ጨለማው ልዑል» የተባሉት ደግሞ «መነጽር አንስቼ ማንኪያ ሆነብኝ፤ ብልሽት በብልሽት ነው፣ ሠሪው ሥራውን አይችልም» ብለዋል። ሠሪውን ካገኙት እኔም የምጠይቀው ስላለኝ አድራሻውን ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ሌላው ጎበዝ፣ ከመኝታ ቤቱ ጥግ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ደጋግመው ቢዘሉ ሽማግሌው ግድግዳውን አልፎ እንደሚወጣ ደረሰበት፤ ቪዲዮውን ለቀቀውና ኮሪደሩን ሳያዩ ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ ውድድር ተጀመረ። ያን ቪዲዮ አይቼዋለሁ። ሽማግሌው እንደ ነፋስ ሾልኮ ሲሄድ ሳይ፣ አልዋሽዎትም፣ ቀናሁ።

መቼም ሁሉን አንድ ላይ መውቀጥ ደግ አይደለም። «የመንታዎቹ አባት» የተባሉ አንድ ሰው «ደክሞኝ ቆምኩ፤ ጠራችኝ። ከዚያ ጌሙን ትቼ እናቴ ጋ ደወልኩ» ብለው ጽፈው ነበር። ከሥሩ «ታዲያ ይሄ ከጌሙ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል መልስ ተሰጣቸው፣ ብዙ ሰውም ሳቀበት። በማግሥቱ ብመለስ አስተያየታቸውን አጥፍተውታል።

2ኛ/ ስለ ደብዳቤዎ። ኮከቦቻችን ሲረግፉ ክፍልዎ ዝም ብሎ አላየም፤ ጉድለቶቹ ካልታረሙ ጌሙ ከመደብሩ እንደሚወጣ በአክብሮት አሳወቃችሁን። ጉድለት የተባሉትም ተዘረዘሩ፤ ሰውየው የያዘውን እንዲይዝ፣ በሮቹ ባሉበት እንዲረጉ፣ ተጫዋቹ ያለ ሥራ የሚቆምበት ጊዜ እንዲወገድና ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክት ቢጫ ቀስት እንዲተከል። ስንት ሐኪም የጭንቅላት ፊልም አንስቶ፣ ደም ቀድቶ፣ በመጨረሻ «እንግዲህ ቻሉት» ብሎ የሸኘንን በሽታ እርስዎ በአንድ ገጽ ፈወሱት። ሐኪሞቹ እንደ እናንተ የጊዜ ገደብ መስጠትን አላሰቡበትም ነበር።

ልጄ ደብዳቤውን አንብባ አለቀሰች። ብዙ ዘመን የደከመችበት ሥራ ነው፤ ጨርሶ ከሚጠፋ ይሻላል አለችና ተቀመጠች፣ የአባቷን እጅ አጸናች፣ በሮቹን አረጋች፣ ቀስቱን ተከለች። ድምፄን ግን ማጥፋት ስላልሆነላት ተወችው፤ አሁንም ለቆመ ሰው ይጣራል። ቀስት እያለ የሚቆም ስለሌለ ግን ማንም አይሰማውም። ኮከቦቹም ወዲያው ተመለሱ። «ፈጣኑ ንስር» ሳይቀሩ «አሁን ገና ጌም ሆነ» ብለው ባርከውናል።

3ኛ/ ስለ አፕዴቱ። የእኛ ቤት ኮምፒውተር ጨዋ ነው፤ ከመደብርዎ የመጣውን ማሻሻያ ማንንም ሳይጠይቅ ይቀበላል። አንድ ጠዋት ባለቤቴን እንደ ልማዳችን አስቀምጬው ከኋላው ቆምኩ። ሽማግሌው ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ወለሉ ላይ ቢጫ ቀስት በርቷል። ባለቤቴ የድሮ ሥራው ትዝ እንዳለው ሁሉ ቀና ብሎ ተቀመጠና ቀስቱን ተከትሎ ነዳው፤ አልቆመም፣ አልጠፋበትም፣ ኩሽናው ሲደርስ ስክሪኑ «ጎበዝ!» አለው፣ እሱም ፈገግ አለ። ወደ እኔ አልዞረም። የእኛም ቤት ጌም ራሱን እንደቀየረ የገባኝ ልጄ መጥታ ከነገረችኝ በኋላ ነው፤ እስክትመጣ ድረስ ባሉት ጠዋቶች እየመራሁ ከቀስቱ ፊት ያስቀመጥኩት እኔው ነበርኩ።

ልጄ የድሮውን ጌም መልሳ ጫነችልን፤ በዚህ በኩል ምንም የተቸገርንበት የለም። ባለቤቴ ተቀመጠ፣ ኮሪደሩ ላይ ወጣ፣ ቆመ። ድምፄ ተጣራ። እሱ ግን ስክሪኑን ላይ ታች ሲፈልግ ቆይቶ «ቀስቱን ማን ነቀለው?» ብሎ ጠየቀ። በማግሥቱም ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ተናዶ ተነሣና ከዚያ ወዲህ ከኮምፒውተሩ ፊት አልቀመጥም አለ።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው ሠርጉን ረስቷል። የልጁን ስም ረስቷል። ቁርስ መብላቱን ሳህኑ ሳይነሣ ይረሳል። ከእንግዲህ አዲስ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ እንደማይቀመጥ ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረውናል፤ እኔም ለዓመታት ስሜን ላስይዘው ሞክሬ እጄን ሰጥቻለሁ። የእርስዎ ቀስት ግን ገብቶ ተቀመጠ። ከዚህ የበለጠ የአገልግሎት ብቃት አላየሁም።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

አሁን በእውነተኛው ኮሪደራችን ላይ ይቆማል። ወለሉን ያያል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ይጠብቃል። አንድ ቀን ኩሽና ሆኜ፣ ለጌሙ ስቀዳ ባወጣሁት በዚያው ድምፅ፣ «ሾፌሩ፣ ወዲህ ነው» ብዬ ጠራሁት። ጆሮው ደህና ነው፤ ሰምቶኛል። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደግሜ ጠራሁት፤ ግድግዳውን በእጁ መዳበስ ጀመረ። ሦስተኛ አልጠራሁትም፤ ሄጄ ክንዱን ይዤ አስቀመጥኩትና ኩሽና ተመልሼ አለቀስኩ።

ይህን ያየች ልጄ ቢጫ ወረቀት በመቀስ ቆርጣ ቤቱን በቀስት ሞላችው። እውነቱን ልናገርና፣ ይሠራል። ሽንት ቤቱን ያገኛል፤ ልብሱን በቀን ስንቴ መቀየር ቀርቶልናል። አልጋውን ያገኛል። በዚህ በኩል ምስጋናዬ የምሬን ነው፤ እንደ አሽሙር እንዳይቆጥሩብኝ። ወደ ኩሽናም የሚያመጣ ቀስት አለ። እየተከተለ፣ እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ ይመጣል። የመጨረሻው ቀስት የሚያበቃው እኔ ከምቆምበት ምድጃ አጠገብ ነው። እዚያ ሲደርስ ቀጣዩን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ከዚያ «ይቅርታ እመቤት፣ የሰው ቤት ገባሁ መሰለኝ» ብሎ በመጣበት ይመለሳል።

ይህን የምጽፈው አንዳች ነገር እንዲደረግልኝ አይደለም። የድሮው ጌም በእጃችን አለ፤ ያልተመለሰው እሱ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ክፍል አይመልሰውም። ቀስቶቹንም ልንቀል ብል ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ስለዚህ ጫፋቸው ሲላቀቅ መልሼ የምለጥፋቸው እኔ ነኝ። እንዲሁ ከተጫዋቾችዎ አንዱ እንደረካልዎ እንዲያውቁ ብዬ ነው።

የመደብርዎ ኮከብ እንዲበዛ፣ የደንበኞችዎ ጣት እንዳይቦዝን፣ እርስዎም በሚወጡበትና በሚገቡበት ሁሉ ለምን እንደወጡና ለምን እንደገቡ እንዳይጠፋዎት ከልብ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቀድሞዋ አለቃ፣
አሁን በገዛ ኩሽናዋ እንግዳ የሆነች እመቤት

ግልባጭ፦
ለፈጣኑ ንስር (ባሉበት)
ለባለቤቴ (ባይደርሰውም እንደደረሰው እንቆጥረዋለን)

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን አሽጌ ሳልልከው፣ የታረመው ጌም «ለተጫዋች ምቹ» ተብሎ በመደብርዎ ለሽልማት መመረጡን የሚገልጽ ጥሪ ደረሰን፤ ሠሪዋ ከነቤተሰቧ በአዳራሹ እንድትገኝ ተጋብዛለች። ልጄ አልሄድም ብላለች፤ እኔ ግን ባለቤቴን ይዤ እመጣለሁ። ከመግቢያው በር እስከ ወንበሩ ቢጫ ቀስት እንዲለጠፍለት በትሕትና አሳስባለሁ፤ እስከዚያ ያለ ማንም እርዳታ ይደርሳል። ከአጠገቡ ለእኔ የሚሆን ወንበር ባይተርፍም አይጨነቁ፤ ማንኛዋም ሴት ብትቀመጥበት ልዩነቱን አያውቀውም።