መቶ ሺህ ሦስት

ሰኔ 2
ቁልፍ ስተክል ዋልኩ። አሥራ ሁለት ሸሚዝ። እማዬ የስፌት መኪናዋን ስትወለውል ብረቱ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ብቅ አለ... 100,003። እህቴ ጥግ ይዛ ታጠናለች። የመምህርነት መግቢያ፣ ሒሳብ፣ ስምንት ቀን ቀረው። አምና ወድቃለች። ዝም ብዬ ልያት? እኔ?
«ፕሮፌሰር፣ ይሄ በምን ይካፈላል?»
«ምን አገባህ?»
«የስፌት መኪና ጠጋኙ ሽማግሌ አካፋዩን አግኝቼዋለሁ አለኝ። ያውም በጭንቅላቱ!»
ሽማግሌው ቁጥሩን አይቶትም አያውቅ። ሂሂ።

ሰኔ 3
መንጠቆዬን ነከሰች! ወረቀት ሙሉ ማካፈል። ለምን 316 ላይ ታቆሚያለሽ አልኳት። «317 በ317 ሲባዛ ከቁጥሩ ይበልጣል። ስለዚህ አካፋይ ካለው አንዱ የግድ ከ317 ያንሳል። ደግሞ ብቸኛ ቁጥሮቹን፣ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን፣ ብቻ ነው የምሞክረው። በ2 እምቢ ያለ በ4 እሺ ይላል?» ስልሳ አምስት ናቸው አለች። ገባኝ መሰለኝ... ስምንተኛን አቋርጬ የወጣሁት ይሄን ሳልሰማ ነው?

ሰኔ 6
ሦስተኛ ጊዜ ሠራችው። ምንም አካፋይ የለም። «ሽማግሌው በጭንቅላቱ ያገኘውን... ማካፈል የማልችል ሰው ማንን ላስተምር ነው?» የፈተና ካርዷን መርፌ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተች። ደብተሯን ዘጋች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔዋ እያደር ከበደች።

ሰኔ 7
ተናዘዝኩ። የሽማግሌውን ወሬ ከሆዴ ያወጣሁት ነው አልኳት። «ልታጽናናኝ ነው አይደል?» አንዴ እውነት ብናገር! እማዬ ደግሞ፦ «ስኳር ዕቃው ውስጥ ጨው የጨመረ ማን ነበር? ማን ይመንህ?» እውነቷን ነው። ራሴ ሠርቼ ላሳያት? ስልሳ አምስት ማካፈል?

ሰኔ 8
ከጠዋት ጀምሮ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ። በ3፣ አንድ ተረፈ። በ7፣ አንድ። በ13፣ ሰባት... ጣቴ ቆሰለ። ከሰዓት 271 ላይ... ዜሮ!
«ተካፈለ! በ271 ተካፈለ!»
እህቴ ሱሪ እየተኮሰች፣ ቀና እንኳ ሳትል፦ «አራት ይተርፋል፣ አንተ ቀልማዳ። ሦስቴ ሠርቼዋለሁ፣ ሦስቴም አራት ነው።»
አየሁት። ከ2443 ላይ 2439 ቀንሼ ዜሮ ብያለሁ።
«እርግጠኛ ነሽ?»
«እንደ ስሜ!»
ካውያው ሱሪው ላይ እንደቆመ ነው።
«ቆይ... እኔ አልተሳሳትኩማ!»
«አልተሳሳትሽም እቴ። ቁጥሩ ነው ብቸኛ።»
«ሱሪው!» እማዬ ጮኸች።
የቀሩትን ሰባት እያሳቀች አስጨረሰችኝ። አንድም አልተካፈለ። (271 ላይ ሆን ብዬ አልነበረም። ማን ያምነኛል?)

ሰኔ 10
ካርዷን ከመርፌዎቹ መሀል አውጥታ ወደ ፈተናው ሄደች። ቁልፍ ልተክል ሸሚዝ ሳነሳ ኪሱ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት... «100,013 በምን ይካፈላል? ሽማግሌው በጭንቅላቱ አግኝቶታል። ስመለስ መልሱን!»
ስትወጣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ የኔ ነው። የውሸቷን ነው? ወይስ የምር አካፋይ አለው?
ሸሚዙ ይቆይ። በ3፣ ሁለት ተረፈ። በ7፣ አራት። በ11፣ አንድ...