የሳራ ሰሌዳና ገመዱ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017

የልጅ ልጄ ሳራ በማዕበል ላይ የምትንሸራተትበትን ሰሌዳ ኮሪደር ላይ አቁማ ወደ ሥራ ሄደች። ላዩ በነጭ ቅባት ተጨማልቆ አየሁት። ቤቴ ውስጥ ቆሻሻ አላሳድርም፤ በሙቅ ውኃ ፈትጌ አነጣሁት።

ስትመለስ ሳቀች። «እማማ፣ እሱ እኮ ሰም ነው! እግሬን እንዳያንሸራትተኝ ሆን ብዬ የቀባሁት ነው።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ተንበርክካ አዲስ ሰም በትንሽ በትንሹ እያዞረች ቀባች፤ ለእኔም ቁራጭ ሰጥታ አሳየችኝ። በስተርጅና ፊደል ስቆጥር እንኳ እንዲህ የታገሠኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሰሌዳውን ከቁርጭምጭሚቷ ጋር የሚያስረውን ገመድ በጣቷ ዳበሰች። ስንጥቅ አገኘች፤ እኔ መነጽር አድርጌም በመከራ ነው ያየሁት።

«ይኼ ከተበጠሰ ሰሌዳው ጥሎኝ ይሄዳል። አዲስ ሳልገዛ ቅዳሜ አልሄድም» አለች።

በዚህ ብርድ ስካርቦሮ ድረስ ሄደሽ ሐይቅ አትግቢ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት! ለአያቷ ያልቀረችው ለገመድ ቀረች። አቃጠለኝ። ሆኖም እንዲህ ዕቃዋን የምትመረምር ልጅ በዚህ ቤት አላየሁም፤ አባቷ የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር ነው የሚወጣው።

ነገ ገመድ ልትመርጥ ስትሄድ አብሬያት እሄዳለሁ። ቀጭኑን ካነሳች እዚያው ሱቅ ውስጥ እጣላታለሁ።