የአምስተኛው ልጅ ልብስ

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 11 ሰዓት

የ10ኛ «ለ»ን ደብተር አርሜ ጨረስኩ። ያለፈ ጊዜንና የአሁን ጊዜን የሚለይ ሁለት ልጅ ብቻ።

ኔትወርኩ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ይመጣል ይሄዳል። አምስተኛው ቪዲዮ ሲንቀረፈፍ ቆይቶ አሁን ወረደ። ደብተሬ፣ ስንት ጊዜ ነገርኩህ። አምስት የኮሪያ ልጆች፣ አምስት ዘፈን፣ የአምስቱም ቪዲዮ አንድ ታሪክ። ግን ቆራርጠው፣ የኋላውን ከፊት አድርገው ነው የሚለቁት። ማገጣጠሙ የኛ የአድናቂዎቹ ሥራ ነው። በኢንተርኔት ግሩፓችን ውስጥ ወራት የምንጨቃጨቀው ለዚሁ ነው። አምስተኛው ልጅ ለምን አይናገርም? የኮሪያ ስሙ አፋችን ላይ አልገባ ስላለ ዝምተኛው እንለዋለን። ከድቷቸው ነው? ተጣልተው ነው?

ሩት፣ አዲስ አበባ ያለችው የግሩፑ አድሚን፣ ተቀያይመው ነው ብላ ጻፈች። የልብ ምልክት ዘነበላት። እኔም ጻፍኩ። ሦስት ልብ። አንዱ የራሴ ነው።

ወረታ ከተመደብኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እዚህ «የእንግሊዝኛዋ» ነኝ፤ ስም ያለኝ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ብቻ ነው። ጠዋት የመምህራን አንድ ለአምስት ስብሰባ ነበር። ሪፖርት፣ ሂስ፣ ግለ ሂስ። የኮሪያዎቹም በአንድ ለአምስት ተደራጅተው፣ ዝምተኛው ሂሴን አልውጥም ብሎ ይሆናል። ይህን ብናገር የሚስቅልኝ ስለሌለ ላንተ ጻፍኩት።

የ10ኛ «ለ»ዋን ስመኝን ዛሬም ሹራብሽን አውልቂ አልኳት። ሦስተኛ ጊዜ። ከዩኒፎርም በላይ ሰማያዊ የወንድ ሹራብ፣ እጅጌው ጣቷን አልፎ። የክፍሉ አንደኛ ናት፣ በዚህ ነገር ግን ደረቅ። አወለቀች፣ አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተች።

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ስመኝ የክፍሉን ደብተር ተሸክማ ቤቴ ድረስ መጣች። ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ኢርፎኔ ተበላሽቷል፣ አከራዬ ዘፈን አይወዱም፣ ድምፁን አጥፍቼ ነው የማየው። ቁጭ በይ አልኳት። አምስቱንም ተራ በተራ አየች። የታች ጽሑፉን ዞር ብላም አላየችው። ልጆቹን ብቻ።

ሲያልቅ፣ ይኸኛው ሙቷል አለች። ዝምተኛውን ነው። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ልብሱን ይዩት ቲቸር አለችኝ። መጀመሪያ ቢጫው ጃኬት የሱ ነበር፤ ኋላ ረጅሙ ለበሰው። ኮፍያውን ጸጉሩን ቀይ የተቀባው አደረገው። ጫማው ትንሹ ልጅ እግር ላይ ነው፣ ይሰፋዋል። ሰዓቱ አራተኛው እጅ ላይ። እሱ ራሱ ከዚያ ወዲህ በነጭ ሸሚዝ ብቻ ነው። ማንም አይነካውም፣ ሲበሉ የሱ ሳህን ላይ ያለው አይቀንስም። የሕያው ሰው ልብስ እንዲህ ለአራት አይከፋፈልም አለች።

መልሼ አየሁት። ልክ ናት። ያ ሁሉ ሰው ፋሽን ነው ሲል ከርሟል።

እንዴት አወቅሽ አልኳት። የሹራቧን እጅጌ ሳብ አደረገች። የወንድሟ ነው። አበጀ ይባላል። ባለፈው ነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ጥጃ ላውጣ ብሎ ገብቶ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ኮቱን አባቷ ይለብሱታል፣ ቦት ጫማውን ታናሽየው፣ ሹራቡ ለሷ ደረሰ። ወንድሟ መሞቱን የሚያውቁ አሉ። ሹራቡ የሱ መሆኑን የሚያውቅ የለም። የሟች ልብስ ለባሽ እንዳይሏት ፈርታ ነው ዝም ስትለኝ የከረመችው። ለማንም እንዳይነግሩብኝ አለች። በእመብርሃን ማልኩላት።

ሦስት ጊዜ አስወልቄያታለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

ጻፍኩት። ከጠዋት እስከ 8 ሰዓት። ጃኬቱን፣ ኮፍያውን፣ ሳህኑን። «እኔ እንዳየሁት» ብዬ ጀመርኩ። ተማሪዬ አሳየችኝ ማለት ከበደኝ? አልከበደኝም። አልፈለግሁም።

ግን እንዴት ታወቀሽ ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ወንዙን፣ ጥጃውን፣ ሹራቡን ጨመርኩ። «የማውቃት አንዲት ልጅ» ነው ያልኩት። ስም የለበትም። ስም ከሌለበት መሐላ ፈረሰ አይባልም፣ አይደል ደብተሬ? ለቀቅሁት።

ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ

ልቡን መቁጠር ተውኩ። አንብበው ያለቀሱ አሉ። ሩት ራሷ ደወለች። አንቺ የት ነበርሽ አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበርኩ፤ አላልኳትም። ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ውጭ አገር ላሉት አድናቂዎች ልትልከው ነው። ማን ያውቃል፣ ልጆቹ ራሳቸው ያዩት ይሆናል አለች። አንድ ነገር ጎደለ አለች፤ ሰው እንዲያምን የሹራቡ ፎቶ።

ከሰዓት። ስመኝን ከነሹራቧ ሰሌዳ ላይ አወጣኋት። ዓረፍተ ነገር ስትጽፍ ከኋላዋ አነሳኋት። ፊቷ አይታይም። ጀርባዋና እጅጌው ብቻ። ላክሁ።

ምን ልዋሽህ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ

ሩት በራሷ ስም አወጣችው። ቃል በቃል የኔ ነው። ታች በደቃቁ «አንዲት የገጠር መምህርት ካጋጠማት በመነሳት» ይላል። ፎቶውን ቪዲዮ አድርጋ ዘፈን አስገብታበታለች፣ ላዩ ላይ ዝናብ አዝንባለች። ግሩፑ ላይ ሌባ ብዬ ጻፍኩ። ደቂቃ ሳይሞላ አስወጡኝ። ኧረ የሷ ነው ያለ አንድ ሰው የለም። ያ ሁሉ ልብ፣ ያ ሁሉ «የኔ ቆንጆ» የት ገባ?

ምሳ አልበላሁም። አልቅሼ አልቅሼ ዓይኔ አብጧል። የሰው ልጅ ያየውን ነጥቆ በራስ ስም ማውጣት፣ በሰው ሐዘን መጨብጨብ፣ እንዲህ ያለችዋ ሴት ምን ትባላለች

ዘግቼህ ነበር። መልሼ ከፈትኩህ። አዎ፣ አውቃለሁ። ዝም በል።

ጥቅምት 28፣ ማክሰኞ

የሩት ቪዲዮ ከነታሪኩ እዚህ ደረሰ። ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ከሚጭነው ሱቅ ነው አሉ። ወንዶቹ በብሉቱዝ ሲቀባበሉት በእረፍት ሰዓት ደረስኩባቸው። ፎቶው ውስጥ፣ ሰሌዳው ላይ ቀኑና ርዕሱ በኔ እጅ ጽሑፍ። ጎኑ ላይ የኛው ክፍል የተሰበረ መስኮት። ማን አይለየው። ፊቷ አይታይም ብዬ ነበር፣ ብልጧ እኔ።

ስመኝ ክፍል ስትገባ አንዱ አፍንጫውን ያዘ። አጠገቧ የምትቀመጠዋ ልጅ ተነስታ ሌላ ወንበር ሄደች። ከአንዱ ስልክ ላይ ፎቶውን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

እኔ? ያለፈ ጊዜን ማስተማር ቀጠልኩ።

ኅዳር 4፣ ሰኞ

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ርዕሰ መምህሩ ጠራኝ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። አቋረጠች ብለሽ እንዳትመዘግቢ፣ ሪፖርታችን ይበላሻል፣ ሄደሽ አምጫት አለኝ። ያስጨነቀው ሪፖርቱ ነው።

ከሰዓት ሄድኩ። እስከ መንገዱ ጫፍ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር፣ በሩዙ ማሳ ድንበር ድንበሩን። አጨዳ ላይ ናቸው። እናቷ ማጭዳቸውን ጥለው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ልጃቸው የምሆነዋን እኔን እርስዎ እያሉ። እርጎ ቀረበልኝ። ምንም አያውቁም። ትምህርቱ ከበደኝ ነው ያለቻቸው። እኔ ፊትም ያንኑ ደገመችው፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እኔን ለማዳን ዋሸች። ይፋግ አክስቷ ዘንድ ሆና ልትማር ነው። ከኔ የምትፈልገው መሸኛ ብቻ።

ልትሸኘኝ ወጣች። ይቅርታ ማለት ጀመርኩ። ነገ ሰልፍ ላይ፣ ተማሪው ሁሉ ፊት፣ ታሪኩን ከነጥፋቴ እናገራለሁ አልኳት። ቆመች።

«ቲቸር፣ ቪዲዮው ላይ ያየሁትስ ይሁን፣ ይውሰዱት። አበጀን ግን ከእንግዲህ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ለይቅርታም ብለው እንዳይነግሩብኝ።»

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ሰልፍ ላይ ምንም አልተናገርኩም። የሚቀለኝ መናገሩ ነበር። ሌሊቱን በልቤ ሳዘጋጀው አድሬያለሁ፣ የት ላይ ድምፄ እንደሚቆረጥ ሁሉ አውቄ።

መሸኛውን ጻፍኩ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የቤተሰብ ጉዳይ» አልኩ። ፈረምኩበት። የክፍሉ አንደኛ በኔ ፊርማ ሄደች። ስልኬ ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ። የሰው ስልክ ላይ ያለውን ላጠፋው አልችልም።

ትናንት ያልጻፍኩልህ አለ። ስመኝ እርጎውን ልታመጣ ስትገባ እናቷ ስለ አበጀ አጫወቱኝ። በዚያ ቀን ምን ብሏቸው ከቤት እንደወጣ። መንገዱን ሙሉ እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልህ ሳስብ መጣሁ። አጀማመሩን ሳይቀር አግኝቼለታለሁ። ያምራል። ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ እናቱን

የለም። ላንተም አልነግርህም።