ወይ ዱላው፣ ወይ መምቻው

ሰኞ፣ የካቲት 3

የተከለከለ ዱላ አልገዛሁም። ይህ ቢያንስ እዚህ ደብተር ላይ በትክክል ይጻፍ።

ዛሬ ፀጉር ሠሪዋ ዘንድ ተራ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች ጭንቅላታቸውን ማድረቂያው ውስጥ ከተው ያወራሉ። እነሱ ስለማይሰሙ ሌላውም የማይሰማ መስሏቸው ይጮኻሉ።

«የጎልፍ ክበቡ ደንብ አስከባሪ አሮጊት ለዋንጫው ብላ የተከለከለ ዱላ ገዛች አሉ።»

«በሰባ ስድስት ዓመቷ?»

ሰባ አራት ነኝ።

ሲቀጥል፣ አልገዛሁም። አማቼ ከመንገድ ሲመለስ በስጦታ አመጣልኝ። ደግሞም «የተከለከለ» አይባልም፤ «ደንብ የማያሟላ» ነው የሚባለው። ዕቃው ድራይቨር ነው፣ የመጀመሪያውን ምት የምንመታበት ረጅሙ ዱላ። ፊቱ ከልክ በላይ ስለሳሳ ኳሱን እንደ ስፕሪንግ ያስፈነጥራል። ደንቡ ደግሞ ለማስፈንጠር ልክ አበጅቶለታል። ቤት ማስቀመጥ ግን ማንንም አያስከስስም። በውድድር አንዴ ከመቱበት ነው ጉዱ… ያኔ መባረር ነው።

አማቼ ሲሰጠኝ፣ «እማማ፣ ይቺ ኳሱን አትመታውም፣ ትወረውረዋለች። ሻጩ ውድድር ላይ አትፈቀድም ብሎኛል» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አመጣሃት?»

«ስለማትፈቀድ ነዋ።»

ልጄ ምን አይታ እንዳገባችው ዛሬ ገና ገባኝ።

ዱላዋ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ቆማለች። የሱፍ ቆቧን እንኳ አላወለቅሁላትም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ከጓደኛዬ ከአዋላጇ ጋር ተጫወትን። ሐሙስ የእኛ ቀን ነው፤ ሁለታችንም ሥራ ላይ ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ። እሷ ጡረታ ወጥታም አዋላጅ ናት። የክበቡን ግማሽ ተጫዋች እግሩን ይዛ ገልብጣ ያስለቀሰችው እሷ ስለሆነች ማንም ደፍሮ አይቆጣትም። ከእኔ በቀር።

ሰባተኛው ጉድጓድ ላይ ኩሬውን ማሻገር አለብን። ድሮ ኳሳችን ከላዩ ሲያልፍ ኩሬ መኖሩንም አናስታውስም ነበር። ዛሬ የእሷ ሁለቴ ገባ። የእኔ ዳር ላይ ለጥቂት ተረፈ።

ዱላዋን መሬት ላይ አጋደመችና፣ «ኩሬ ውስጥ እንቁላል የምትጥል ዳክዬ ሆኛለሁ እኮ» አለች።

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ለዋንጫው እንደ ወትሮው ጥንድ ሆኜ አብሬሽ እገባለሁ። እዚያም ኩሬ ከገባሁ በቃኝ። ዱላዎቼን ለእህቴ ልጅ እሰጣለሁ።»

ምን አልኳት? «ኳሱን ሳትመቺ ትከሻሽን ቀድመሽ ትከፍቺዋለሽ» አልኳት። ይህ ለሰው የሚባል ነገር ነው? ትክክል ነው፤ ትከፍተዋለች። ግን ይባላል?

እሷ ካልመጣች ሐሙስ ምን ይሆናል… ሌላ ረቡዕ።

እሑድ፣ የካቲት 9

አወጣኋት። ለምርመራ ብቻ።

ማለዳ ነው፣ ሜዳው ላይ ሰው የለም። ሰባተኛው ላይ ቆምኩ፣ መታሁ። ድምጿ መጥበሻ ሲወድቅ እንደሚሰማው ነው፣ ያስደነግጣል። ኳሱ ኩሬውን ተሻገረ፣ ሣሩንም አልፎ አሸዋው ዘንድ ቆመ። ለማረጋገጥ ደገምኩ። ያው ሆነ። ከዚያ በኋላ የመታሁትን ግን ምርመራ ብሎ የሚያምነኝ የለም።

ሣር አጫጁ መኪናውን አጥፍቶ ሲያየኝ ነበር ለካ።

«እትዬ፣ ዛሬ ምን በልተው ነው የመጡት?»

«እንቁላል።»

«ስንት?»

ዱላዋን ቆቧን አልብሼ ወጣሁ። ወሬውን ማን እንደሚያደርሰው ታወቀ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አዋላጇ ሳትደውል መጣች። በር ላይ እንደቆመች፣ «የት ደበቅሻት?»

«ማንን?»

«እንዲህ ያለ ሆድ ስንት አይቻለሁ፤ የሚደበቅ አይደለም። አውጪያት።»

አወጣሁላት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

እሷም መታችባት። ኳሱ ሲሻገር ዱላዋን ለቀቀች፣ ሣሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ዓመት ሳያልፍ አይቀርም። ለማንሣት እጇን ብይዝ እኔንም ጎተተችኝ። ሁለት አሮጊቶች መሬት ላይ። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች አደጋ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

ከዚያ ነገሩ መጣ።

«ለዋንጫው በዚህች እንምታ።»

«አይሆንም።»

«ማን ያያል?»

«እኔ።»

«አንቺ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ጨፍኜም አያለሁ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሺ፣ ዱላዋ ትቅር። ከቢጫው ድንጋይ እንምታ።»

ቢጫው ድንጋይ ሁላችን ከምንመታበት ከነጩ ወደ ፊት ቀርቦ በየጉድጓዱ የተተከለ የመምቻ ቦታ ነው፤ ሰባተኛው ላይ ኩሬው አጠገብ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከፈለገ ለዋንጫውም ከዚያ መምታት ይችላል። ክበቡ ይህን ሲፈቅድ «የሕፃናት መጫወቻ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ስሙ ተለጥፎበት ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የቆመበት ሽማግሌ የለም።

«ከሕፃናቱ ጋር?» አልኳት።

«ዱላውን የከለከለው የደንቡ መጽሐፍ ነው። ድንጋዩን የከለከልሽው አንቺ ነሽ። ወይ ዱላው፣ ወይ መምቻው። እስከ ቅዳሜ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ካልሆነ ጓደኛ ፈልጊ።»

ጓደኛ ፈልጊ! በዚህ ዕድሜ ከየት ነው የሚፈለገው?

ዓርብ፣ የካቲት 14

የደንቡን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ስለ ዱላው ፊት ተጽፏል፣ ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ጭንቅላቱ መጠን ሁሉ ተጽፏል። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ቢጫ ድንጋይ ላይ ቢቆም ውርደት ነው የሚል ግን የለም። የግርጌ ማስታወሻውንም አየሁ። የለም።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ርእሰ መምህርቷ፣ ካልሲያችን ጉልበት ድረስ ካልተሳበ ከሰልፍ ታስወጣን ነበር። ደንብ ነው ብላ። የትም እንዳልተጻፈ ያወቅነው ከወጣን በኋላ ነው። እንዴት ነበር የረገምናት…

እራት አልበላሁም። በእልህ አይደለም፣ ምስሩ አርሮብኝ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ወደ ክበቡ ሄድኩ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ ዛሬም ሰው ሲያናግር ማዘዣ የሚያነብ ይመስላል።

«ለዋንጫው መዝግበን። እኔና አዋላጇ። ከቢጫው።»

መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ ነጩን ማለትዎ ነው?»

«ቢጫ።»

«ቢጫ… የሕፃናቱ?»

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የምሽረውም እኔ ነኝ። ጻፍ።»

ጻፈ።

አዋላጇ ጋ ደውዬ፣ «መምቻው» አልኳት። «ትከሻዬን አልከፍትም» አለች። ስልኩን ዘጋሁት፤ ሌላ ነገር እንዳልናገር።

እሑድ፣ የካቲት 23

ዋንጫው ዛሬ ነበር።

ከሁለት ልብስ ሰፊ እህትማማቾች ጋር ተመደብን። ትንሿ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ወገቧ እንደ ላስቲክ ይታጠፋል። ቢጫው ላይ ስንቆም ታላቅየዋ፣ «እናንተም ወረዳችሁ?» አለች። አዋላጇ፣ «ቀስ በዪ የእኔ እናት፣ አንቺም ትመጫለሽ፤ ቦታ ይዘንልሻል» አለቻት።

ሰባተኛው ላይ እኩል ለእኩል ደረስን። ነፋሱ ከኩሬው ወደ እኛ ይነፍሳል። ቀድሜ መታሁ… ኩሬው ውስጥ ገባ። ከቢጫው መትቼ ገባ! ሁሉም በአዋላጇ ላይ ወደቀ።

ወደ ከረጢቷ ሄደች። ጎንበስ ስትል የሱፉን ቆብ አየሁ። ያችው ዱላ! ለካ ጠዋት እኔ መኪናውን ሳዞር ከቤቴ ይዛት ወጥታለች። ከረጢት ውስጥ መያዙ ቅጣት የለውም፣ ይህን ለሰው ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። አንድ ምት ግን ከውድድሩ ያስወጣናል።

እጇ ቆቡ ላይ አረፈ። እህትማማቾቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለ ነፋሱ ይከራከራሉ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ኳሷ ኩሬ ከገባ ደግሞ ሐሙስ የለም።

«ተዪ» ማለት ነበረብኝ። ልል ስል ግን አፌ ላይ የመጣው «ምቺ» ነው። ሁለቱንም ዋጥኳቸው።

ቆቡን ከዱላው ላይ አወለቀች… ቀኝ እጇን ከተተችበት።

«ምን ታፈጫለሽ? ጣቶቼ ደንዝዘው ነው። እንዲህ ያለ ሙቅ ነገር ለብረት ይለበሳል?»

እጇ እስኪሞቅ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ የራሷን አሮጌ ድራይቨር አወጣችና መታች። ትከሻዋን አልከፈተችም። ኳሱ ዝቅ ብሎ ሄደ፣ ነፋሱ ያዘው፣ ወዲያ ማዶ የኩሬውን ጠርዝ ድንጋይ ነካ፣ ወደ ኋላ ተንከባለለ… ደረቅ ሣር ላይ ቆመ። ተሻገረ።

አልሳቀችም። «እህ» አለች ብቻ፣ ልጅ ደኅና ሲወለድ እንደምትለው መሰለኝ።

ዋንጫውን ተሸነፍን፣ በአንድ ምት። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሕፃን የማይስተውን የሳትኩት እኔ ነኝ። መኪና ማቆሚያው ድረስ ቀድማኝ ሄደች። መቼም ዱላዎቿን ለእህቷ ልጅ ልትልካቸው ነው ብዬ ከረጢቷን ቀስ ብዬ ጫንኩላት።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ከሰብሳቢው ጋር ተነጋገርኩ። የሐሙሱን ጨዋታችንን ከእንግዲህ ለክበቡ እንደማናስመዘግብ ነገርኩት። ውጤቱ ለምንም ስለማይቆጠር ደንብ በማታሟላው ዱላ፣ ከነጩ ድንጋይ፣ ደስ እስኪለን እንመታለን። ውድድር ሲሆን በደንበኛው ዱላ፣ ከቢጫው። «ታዲያ የሐሙሱን ነጥብ ማን ይይዛል?» አለኝ። «ማንም አይይዝም» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

እህትማማቾቹም እንምጣ ብለዋል። ትንሿ ያቺን ዱላ ለመሞከር ትቁነጠነጣለች።

ነገ መጀመሪያ ነጥብ የምይዝበትን እርሳስ ከከረጢቱ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ እተዋለሁ፣ ኪሴንም አያለሁ። ቀጥሎ ለአዋላጇ ወፍራም ጓንት እፈልጋለሁ፤ መሳቢያው ውስጥ አንድ አለ። ከዚያ በሯ ላይ መኪናዬን አቁሜ ጥሩምባ እነፋለሁ። ታረፍዳለች፣ መቼ ሳታረፍድ ቀርታ ታውቃለች? ስትወጣ ሰዓቴን አላይም።