ከእማዬ ራስጌ ያለው ሽቦ

ኅዳር 3

«ቀጭኑን ስጠኝ፤ ግድግዳ ውስጥ ከገባ ማን ያየዋል?» አለ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ከፊቴ ተሰልፎ የነበረ ሰውዬ። በቅን ልብ አሰብኩበት። ልክ ነው፤ ማንም አያየውም። አይጥ ብቻ። እሷም ለማንም አትናገርም።

አምፖል ልገዛ ነበር የሄድኩት። ረስቼው ተመለስኩ።

ኅዳር 5

የእህቴ ባል ለእማዬ የገላ መታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ ሊያስገባላት ነው። ደግ ሐሳብ... የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው። ሚስማር ሲጎብጥበት «ይበቃል»፤ ቀለሙ ግማሽ ግድግዳ ላይ ሲያልቅበት «ይበቃል»። በዚህ ደብተር ስሙ አቶ ይበቃል ከሆነ አሥራ አራት ዓመቱ። እኔም እነሱ ቤት ከገባሁ ልክ ያንኑ ያህል።

ካርቶኑን አነበብኩ። አምስት ሺህ ዋት። ለሁለት መቶ ሃያ ቮልት ሲካፈል ሃያ ሦስት አምፔር ገደማ። ለአምፖል ባለ አንድ ተኩል ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለሶኬት ባለ ሁለት ተኩል፤ ለዚህ ግን ባለ አራት፣ ያውም ከራሱ ብሬከር ብቻውን የሚመጣ። ቀጭን ሽቦ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ ከዚያ... የእማዬ አልጋ ራስጌው ሽቦው ከሚያልፍበት ግድግዳ ጋር ነው።

በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ሳያነበው አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካሉማ ይበቃል» አለ።

ኅዳር 9

ተገጠመ። ራሱ፣ ከአንድ ሠራተኛ ጋር። የትኛውን ሽቦ እንደገዛ አልጠየቅኩም። ምን ያስጠይቃል? ሰውየውን አውቀዋለሁ።

እማዬ ታጥባ ወጣች። ጉንጯ ቀልቷል። «እግዜር ይስጠው፣ እንደ ሙሽራ አደረገኝ።» አሥራ አራት ዓመት ጋዜጣ አንብቤላታለሁ። አንድ ቀን ሙሽራ ሆና አታውቅም።

ኅዳር 12

ብርድ። የእግር ማሞቂያዬን ሰክቼ ጀርባው የተገነጠለውን መዝገበ ቃላት ስጠግን አረፈድኩ። አረንጓዴው የመጽሐፍ መጠገኛ ጨርቅ ሊያልቅ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ በጡረታ ስወጣ የያዝኩት ሽልማት እሱ ብቻ ነበር። ሰጥተውኝም አይደለም።

አቶ ይበቃል በአጥሩ ላይ ለጎረቤት ስለ ብሬከር ያስተምራል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።

ኅዳር 15

«ልጄ፣ ራስጌዬ ጋ ላስቲክ ላስቲክ ይሸተኛል» አለች እማዬ ቁርስ ላይ።

ሄጄ ግድግዳውን ዳሰስኩት። ሞቋል።

ደነገጥኩ። ከድንጋጤው ሥር ግን... ደስ አለኝ? ትንሽ። ለደብተር የማይነገር ለማን ይነገራል።

ኅዳር 16

ምሳ ላይ ተናገርኩ። «እናታችንን ከነነፍሷ ልታቃጥላት ነው» አልኩት፣ ልጆቹ ፊት።

«ያሉኝን ነው የገዛሁት፣ ጋሼ።»

«አንተ? አንተ የሰው ቃል ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ጋሼ፣ ተው በእናትህ» አለች እህቴ።

አልተውኩም። ሚስማሩን አነሳሁ። ቀለሙን አነሳሁ። ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ያጠመመውን ሁሉ በተራ በተራ አነሳሁ። የማስታወስ ችሎታዬ በሥራ ቦታም ይመሰገን ነበር።

እጁን ሳይታጠብ ተነሳ። «ይበቃል» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም።

ኅዳር 18

የውሃ ማሞቂያው ከጠፋ ሁለት ቀኑ። እማዬ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ። ወገቧን ያማታል፤ አትናገርም። አቶ ይበቃል ወንድሙ ቤት ነው። «ለሥራው ይቀርበዋል» አለች እህቴ፣ ፊቷን ወደ ድስቱ አዙራ። ልጆቹ ሲያዩኝ መንገድ ይለቃሉ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እዚህ ቤት መዳብም አያወጣም።

አንድ ነገር ግን... ሽታው አልሄደም። ዛሬም ጠዋት ግድግዳው ሞቆ ነበር። ማሞቂያው ጠፍቶ? ቂመኛ ሽቦ ነው የገዛው። ክፍሌ ገብቼ እግሬን እያሞቅኩ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ።

ኅዳር 20

እህቴ ኤሌክትሪሺያን አስመጣች። ወጣት ሴት ናት፤ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ ነው የምትሠራው። ከጀርባዋ ቆምኩ፣ ጥፋቱ የት እንዳለ ላሳያት።

መጀመሪያ የብሬከሩን ሣጥን ከፈተች። «የማሞቂያው ባለ አራት ነው፤ ብሬከሩም ለብቻው። ጥሩ አድርጎ ሠርቶታል» አለች። ከክዳኑ ጀርባ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የእኔ የእጅ ጽሕፈት ነው። አራቱ ጎን በጥንቃቄ ተለጥፏል፤ አንዱም አልተጣመመ።

ቀጥላ የእማዬን ራስጌ ፈለፈለች። ከሶኬቷ ተቀጥሎ ወደ እኔ ክፍል የሚያልፍ ሽቦ ወጣ። የበር ደወል ሽቦ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ። ጠቁሯል። «ክፍልዎ ውስጥ ከባድ ነገር ይሰካሉ?» አለችኝ። ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ፣ «ይህን የሠራው ሰው ግን በሕይወት አለ?»

እህቴ አየችኝ።

«ልጄን ጥሩልኝ፤ ቤቱ ይምጣ» አለች እማዬ ከሳሎን። ልጇ እኔ ከአንድ ግድግዳ ወዲህ ቆሜ ነበር።

ኤሌክትሪሺያኗ ቁራጩን ቆርጣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። መቀጠያው ላይ የተጠቀለለው አረንጓዴ የመጽሐፍ መጠገኛ ጨርቅ ነው።